ከመንገድ ስለ ተነሣ ፈረስ

አገራችን ፈረስን በማክበር ከጥንት የታወቀች ናት። ነገሥታቱና መኳንንቱ በጥምቀት ስማቸው ብቻ አልተጠሩም፤ ወደ ጦር ሜዳ የሚያደርሳቸው የፈረስ ስም የእነርሱም ስም ሆኖ ይነገር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን የማያውቅ የለም። በቤተ መንግሥትም የፈረሶቹን ጋጥ የሚያዝዘው ሹም ባልደራስ እየተባለ በማዕርግ ይጠራ ነበር። ዛሬም ቢሆን በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው፣ ይህ ፍቅር ገና እንዳልጠፋ ይመሰክራል።

ዳሩ ግን ከዚህ ከተመሰገነው ፈረስ ጎን ስም ያልወጣለት ሌላ ፈረስ አለ፤ ይኸውም የጋሪ ፈረስ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በቢሾፍቱ፣ በሻሸመኔና በሌሎችም ከተሞች እህሉን ከገበያ፣ ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ወደሚሠራው ቤት ያደረሰ እርሱ ነው። እኛም ሒሳባችንን ለነጂው ከፍለን ስንወርድ ጎታቹን ዞር ብለን አላየነውም። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በየከተማው እየበዛ በመጣ ጊዜ ደግሞ የጋሪ ገበያ ቀዘቀዘ፤ የገብስና የጭድ ዋጋ ግን አልቀዘቀዘም። ስለዚህ ጕልበቱ የደከመው፣ እግሩ ያነከሰው ወይም ጀርባው ገጣባ የሆነው ፈረስ ከከተማ ወጣ ተደርጎ በአውራ ጎዳና ዳር ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ቀን መኪና፣ ሌሊት ጅብ ይጠብቀዋል።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሁሉ ጨካኞች ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባም። በሬ ቢያረጅ ይሸጣል፣ ይታረዳል፤ የፈረስ ሥጋ ግን በእኛ ዘንድ አይበላምና ያረጀ ፈረስ የሚገዛ አይገኝም። በገዛ እጅ መግደሉም እንደ ነውር ይቈጠራል። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ ከሕዝቡ በተነሣው ተቃውሞ መዘጋቱ ይህ ስሜት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ያስረዳል። ስሜቱ መልካም ነው፤ እኔም እካፈለዋለሁ። ነገር ግን ከእርሱ የሚከተል አንድ ጥያቄ አለ። አህያውም ፈረሱም አይታረድ ብለን ከጮኽን በኋላ፣ በቀሩት ዓመታት ማን ያበላዋል? ማንስ ያጠጣዋል? አለመግደል የርኅራኄ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በደብረ ብርሃን በቤቴ ጓሮ ከሚኖር ከአንድ ዳማ ፈረስ ነው።

ፈረሱን ያገኘሁት በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቈጠር ነበር። የጋሪው ጠፍር ትከሻውንና ጀርባውን ልጦት፣ ቁስሉን ዝንብ ወሮታል። ሰኮናው ከልክ በላይ አድጎ ተሰንጥቋል። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦራ አልነው። ሰው ጠያይቄ ባለቤቱን አገኘሁት፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ወድጄ መሰለዎት? እርሱ በቀን የሚበላውን እኔ በቀን አላገኝም፤ ቤት ደግሞ ልጆች አሉ» አለኝ። የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። በሁለት ሽማግሌዎች ፊት «መርቄ ሰጥቻለሁ» ብሎ ለቀቀልኝ፤ ሲሄድም የፈረሱን አንገት ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ፈረሱ ወደ ጓሮዬ በገባ ጊዜ ለተመልካቹ ሁሉ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መረቀኝ። ደጋጎቹ ጎረቤቶቼም ገብስ በቁና እየሰፈሩ ይዘው መጡ። ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀው ሐኪም ግን ገብሱን አይቶ ደነገጠ። «ዛሬ ይህን ብታበሉት ነገ ትቀብሩታላችሁ» አለን።

ምክንያቱን እንዲህ ሲል አስረዳን። ብዙ የተራበ ፈረስ አስቀድሞ ስቡን፣ ቀጥሎም የገዛ ሥጋውን እየፈጀ ይቈያል። በዚህ ሁኔታ ሳለ እህል በድንገት ቢጐርፍለት፣ በደሙ ውስጥ የሚገኙት እንደ ፎስፎረስና ማግኒዥየም ያሉት ማዕድናት ባንድ ጊዜ ይወርዱና ልቡ ሊቆም ይችላል። አደጋው በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ያህል ይበረታል። ደግሞም የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ናት፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ ያልተስማማውንም ነገር ማስመለስ ከቶ አይችልም። ስለዚህ የሚሰጠው ድርቆሽ ብቻ፣ እርሱም ጥቂት በጥቂት፣ በየአራት ሰዓቱ እንዲሆን አዘዘ። ንጹሕ ውሃ ከፊቱ እንዳይጠፋና የሚልሰው ጨው እንዲቀመጥለትም ነገረን። እኔና ባለቤቴ ሌሊቱን ተከፋፍለን ዐሥር ቀን ሙሉ እንዲሁ አደረግን። የደብረ ብርሃንን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አያጣውም። ጎረቤቶቼ ግን ገብሱን ስለ ከለከልሁት ንፉግ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

ሐኪሙ በእግሩና በአንገቱ መሥመር እንደ መቍጠሪያ ተከታትሎ የሚወጣ እባጭ እንዳለበትም መርምሮ ነበር፤ ይህ ከሻጋታ ዘር የሚመጣ፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚተላለፍ፣ የጋሪ ፈረሶችን በብዙ የሚጎዳ በሽታ ነውና። ቦራ ከዚህ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጥርሱን አይቶም ዕድሜው ወደ ዐሥራ ሦስት ዓመት ግድም እንደሚሆን ገመተ። የመንጋጋው ጥርስ ጠርዙ እንደ ቢላ ተስሎ ጕንጩን ከውስጥ ያቈስለው ስለ ነበረ በሞረድ አለሰለሰለት። ጀርባው ግን ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ኮርቻ እንደማይችል፣ ጋሪም ዳግመኛ መጎተት እንደሌለበት ቁርጡን ነገረኝ። እንግዲህ በእጄ የገባው ፈረስ የማይጋለብ፣ የማይጫንና የማይጎትት ሆነ።

ሥጋው በጥቂት ወራት ሲመለስ፣ ፍርሃቱ ግን ከሥጋው ጋር አልሄደም። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸውና ዙሪያውን ያህል ያያል፤ የማያየው በቀጥታ ከበስተኋላውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ጥቂት ስፍራ ነው። ስለዚህ ከኋላው በድንገት የሚመጣ ሰው ወዳጅም ቢሆን ለእርሱ ጠላት ነው። በትከሻው በኩል ቀስ ብዬ፣ ድምፄን እያሰማሁ መቅረብን ለመድሁ። በትር ያየ እንደ ሆነ ግን ምንም ቢነገረው አይሰማም። አንድ ቀን የሰፈራችን መምሬ ሊጠይቁን መጥተው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ቢዘልቁ፣ ፈረሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተንቀጠቀጠ፤ ላብም አጠመቀው። መምሬ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጡ ቍጥር መቋሚያቸውን በደጅ አቁመው ይገባሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ አለመተኛቱ ነበር። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ እውነት ነው፤ የእግሮቹ ጅማት ያለ ድካም ቆሞ እንዲያርፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ነገር ግን ጽኑውን እንቅልፍ የሚያገኘው ጋደም ሲል ብቻ ነው፤ ለዚህም በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የተኛ ፈረስ ደግሞ ለመሮጥ ፈጥኖ መነሣት ስለማይችል፣ ደኅንነቱን ካላመነ በቀር አይተኛም። በመንጋ ሲኖሩ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ቦራ ግን ጠባቂ አልነበረውም። በየንጋቱ ጋጡን ስከፍት ያነጠፍሁለት ጭድ ሳይነካ፣ እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ አገኘዋለሁ። አንዳንዴም እንቅልፍ ሲጥለው የፊት ጕልበቱ ይታጠፍና ደንግጦ ይነቃል።

ከአጠገባችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጅብ የሚፈሩባት አህያ ነበረቻቸው። እርስዋን ማታ ማታ በእኛ ጋጥ እንዲያሳድሩ ለመንኋቸው፤ ለሁለታችንም የሚበጅ ነገር ነበርና ፈቀዱ። አህያይቱም ገና በመጀመሪያው ሌሊት፣ ቤቱ የእርስዋ የሆነ ያህል፣ በጭዱ ላይ ተዘርራ ተኛች። ቦራ ቆሞ ሲያያት አደረ። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ድርቆሽ ይዤ ብገባ ፈረሱ በጐኑ ተዘርግቶ ወድቋል። የሞተ መስሎኝ እጄ ላይ ያለው ድርቆሽ ተበተነ። ቀረብ ብዬ ስመለከት ግን ጆሮው ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሹም እንደ ሰው የጠለቀ ነበር። አህያይቱ ከአጠገቡ ቆማለች። ድምፅ ሳላሰማ ወደ ኋላዬ ተመለስሁና ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ወደ ጓሮዬ ከገባ ሰባት ወር ሊሞላው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ካበላሁትና ካጠጣሁት ይልቅ፣ የዚያች ሌሊት እንቅልፍ ከእኛ ዘንድ መድረሱን ነገረችኝ።

የሰኮናውም ነገር እንዲሁ አስተማረኝ። የፈረስ ሰኮና እንደ ሰው ጥፍር ከላይ ወደ ታች ያድጋል፤ ከሥሩ እስከ መሬት ፈጽሞ ለመታደስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ረኃብ ወይም ጽኑ በሽታ ያገኘው እንደ ሆነ በሰኮናው ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ጐድጓዳ መሥመር ይቀራል። በቦራ አራቱም ሰኮናዎች ላይ ያ መሥመር ነበረ። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ሲወርድ እመለከተው ነበር። በዓመቱ ሰኮናውን የሚቈርጠው ሰው የመጨረሻውን ቁራጭ በቢላው አንሥቶ ጣለው፤ የረኃቡም ምልክት ከዚያ ጋር ሄደ።

በዚህ ጊዜ ፈረሱ ጠጕሩ አብርቶ፣ ጋማው ወርዶ ለዓይን የሚያምር ሆነ። የሰፈሩ ሰውም «አባ ቦራ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ በመጀመሪያ ለፌዝ ነበር፣ በኋላ ግን ስሜ ሆኖ ቀረ። ነገሥታቱ ከጦር ፈረስ ያገኙትን ክብር እኔ ከጋሪ ፈረስ አገኘሁት ብዬ እስቃለሁ። ከገጠር የመጣ አንድ ነጋዴም ጥሩ ዋጋ ሊከፍለኝ ጠየቀኝ። ጋሪ እንዳይጎትት የተከለከለ መሆኑን ብነግረው፣ «ይህስ ያላንተ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔ የማውቀው በቂ ነበርና አሰናበትሁት።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ፈተና የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በተቃረበ ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ከየአገሩ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። በየመጠለያው ሕፃናትና ሽማግሌዎች በውርጭ ያድሩ ነበር። መምሬ ለእነዚህ ሰዎች እህልና ልብስ የሚሰበስቡ ነበሩና ወደ እኔም መጡ። እንደ ልማዳቸው መቋሚያቸውን በደጅ አቁመው ከገቡ በኋላ ወደ ጋጡ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ የሰው ልጅ በድንኳን እያደረ ፈረስ በጣራ ሥር ሊያድር ይገባዋልን?» አሉኝ።

ቃላቸው የቁጣ አልነበረም፤ የሚጨነቅ ሰው ጥያቄ ነበር። እኔም ያን ሌሊት አልተኛሁም። ፈረሱን መልሶ ወደ መንገድ መልቀቅ ለተፈናቀሉት አንድ እንጀራ እንደማይጨምርላቸው ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ይዞ ራስን ማጽደቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ነገሩን በቍና ለካሁት። በጎታዬ ያለው ገብስ ሰው የሚበላው ነው፤ ሥራ የማይሠራ ፈረስ ደግሞ ያለ ገብስ በደኅና ድርቆሽ ብቻ መኖር ይችላል። ፈረስ በቀን የሚያስፈልገው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነውና፣ ለቦራ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ድርቆሽ ይበቃዋል። ድርቆሽ ደግሞ ከማንም ልጅ አፍ አይነጠቅም። በማግሥቱ ገብሱን ለመምሬ አስጫንሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረሱ እህል አልቀመሰም፤ ሥጋው ጥቂት ቀነሰ፤ ጤናው ግን አልጎደለም።

መምሬ እህሉን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ ከተፈናቀሉት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለማሸከም አብረዋቸው መጥተው ነበር። ሽማግሌው ፈረሱን ባዩ ጊዜ ጆንያውን አስቀመጡ። ማንንም ሳይጠይቁ በትከሻው በኩል ቀረቡ፤ መዳፋቸውንም ከትከሻው እስከ ቍርጭምጭሚቱ ቀስ አድርገው አወረዱ። ለእንግዳ ሰው እግሩን የማይሰጠው ቦራ እግሩን አነሣላቸው። ሰኮናውን አይተው መልሰው አስቀመጡትና፣ «ሁለት ነበሩኝ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ በከተማችን እስከ ቈዩ ድረስ በየሳምንቱ እየመጡ ይቦርሹት ነበር፤ ለእኔም ከሰኮናው ውስጥ ድንጋይ ማውጣትንና የማያቈስል ማሰሪያ መጐንጐንን አስተማሩኝ። መምሬም ያን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሡም፤ በክረምት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሣር በታጨደ ጊዜ ግን አንድ ሸክም ወደ ቤቴ ላኩ።

ይህን የምጽፈው የመምሬ ጥያቄ የተሳሳተ ነበረ ለማለት አይደለም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም በየዓመቱ መከር ሲገባ ራሴን መልሼ እጠይቅበታለሁ። ነገር ግን ርኅራኄ እንደ ጎታ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። እህሉ ይጎድላል፤ ስለዚህ በሥርዐት መከፋፈል አለበት። ለደካማ ፍጥረት ሌሊት መነሣትን የለመደ እጅ ግን ሌላው ደካማ በደጅ ሲቆም እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል እንዲህ ያለውን ፈረስ አይቶ ልቡ የሚነካ ቢኖር፣ ከማንሣቱ በፊት ያስላ። በደኅና የተያዘ ፈረስ 25 እና 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ የሚሸከመው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ድርቆሹ ከየት እንደሚመጣ፣ ከጅብ የሚከልለው ጋጥ እንዳለው፣ ሰኮናውን የሚቈርጥና ጥርሱን የሚያይ ሰው እንደሚገኝ፣ አብሮት የሚያድር እንስሳ እንዳለ አስቀድሞ ይመርምር። ምስጋና የሚጠብቅም ከሆነ ይተወው፤ ፈረስ አዳኙን የሚያውቀው በውለታ ሳይሆን በልማድ ነውና። ይህን ማድረግ የማይቻለው ሰው ደግሞ በጋሪ ሲሳፈር ጠፍሩ ቁስል ላይ እንዳያርፍ፣ ጭነቱ ከልክ እንዳያልፍ፣ ፈረሱ በቀትር ውሃ እንዲያገኝ ለነጂው በትሕትና አንድ ቃል ቢናገር፣ ብዙ ፈረስ ወደ መንገድ ዳር ከመድረሱ በፊት ይድናል።

ቦራ ዛሬ ዕድሜው ወደ ሃያ ይጠጋል። በትር ሲያይ አሁንም ይደነግጣል፤ ይህ ከእርሱ የሚሄድ አይመስለኝም፤ እንዲሄድም አላስገድደውም። የአሮጊቷ አህያ ማታ ማታ መምጣትዋን አልተወችም። እኔም ድርቆሹን ለመስጠት ስነሣ፣ ሁለቱ ተኝተው እንደ ሆነ እስኪነቁ ድረስ በደጅ እጠብቃለሁ።